ሐሙስ ሐሙስ የምትነሳው መኪና

እትዬ፣ እንዴት አደሩ? አይነሱ፣ አይነሱ… እኔው እዚህች ጎማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጉልበትዎ ተሻለዎት? ዛሬ እንኳን ፀሐይዋ ወጣችልን። ትናንት ያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እትዬ በዚህ ሁሉ ጫጫታ እንዴት ይሰፉ ይሆን እያልኩ ሳስብዎት ነበር። መርፌውን ቀየሩት መሰለኝ፣ የማሽንዎ ድምፅ ተስተካክሏል። ለቆዳ ጫፏ እንደ ጩቤ የተሳለ መርፌ ነው የሚሻለው፣ ድቡልቡል ጫፍ ያላት ለጨርቅ ናት… ለማን ነው የምናገረው? እርስዎ ዕድሜዎን የሰፉበትን እኔ ትናንት አንብቤ ላስተምርዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ ያነበብኩትን ካልተናገርኩ ሆዴን ይነፋኛል። እማማ «ይቺ ልጅ አፏ ላይ ቤተ መጻሕፍት ከፍታለች፣ መዝጊያ ሰዓት ግን የለውም» ትላለች።

የመኪናችን የፊት ወንበር አለቀ? እስቲ ያሳዩኝ… አቤት፣ ሲዳሰስ ደስ ሲል። ይሄ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ድርብ ስፌት ነው? ከታች እኮ ነው እትዬ፣ ማንም አያየውም። ማንም የማያየውን ቦታ ሁለት ጊዜ የሚሰፋ ሰው… እዚህ ግቢ ውስጥ እንዴት ኖሩ? ቦታው ጠበብ ያለ ነው ለማለት ነው እንጂ ሌላ አልወጣኝም።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ከዚያች ከቀይዋ መኪና ሥር ሁለት ጫማ ይታየኛል። ባለ ጫማው ይተኙ ይሥሩ አላወቅኩም። ተኝተውም ከሆነ ዕረፍት ለሰው ጥሩ ነው። እየሠሩም ከሆነ… እሱንም እሰየው እንላለን፤ አዲስ ነገር ሲመጣ በደስታ መቀበል ነው። እሳቸውን አልረብሽም። እኛ ስለ ሌላ ሰው እናውራ። እርስዎ አያውቋቸውም። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ጋራዥ ያላቸው፣ አሮጌ መኪና እንደ አዲስ የሚያድሱ ስመ ጥር ባለሙያ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ጎበዝ የወንበር ሰፊ ጥግ ተከራይተው ይሠራሉ አሉ። አይገርምም? ዓለም ላይ ስንት የሚመሳሰል ነገር አለ።

ነገር በምሳሌ ሲሆን ቶሎ ይገባል፤ ለምሳሌ አባባን እንውሰድ። ለምሳሌ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የነዳው አንድ መኪና ነው፤ አለቆች ይቀያየራሉ፣ እሱና እሷ አይቀየሩም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ክብ መብራት ያላት፣ በሯ ሲዘጋ «እሺ» የምትል የምትመስል። በደንቡ የመሥሪያ ቤት መኪና ቤተሰብ አይጭንም። አባባ ደግሞ ደንብ ከተባለ ጥላውንም አስፈቅዶ ነው የሚጥለው። እማማ እኔን አርግዛ፣ ወሯ ገብቶ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዝናብ ሲወርድባት በዚያች መኪና አለፋት። አለቃው ከኋላ ጋዜጣ ያነባሉ። ማቆም አይችል። እሷ እጇን አነሳች፣ እሱ መብራቱን ሁለቴ አብርቶ አጠፋላት። እማማ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች፤ «በመብራት ሰላም ብሎኝ ሄደ» ትላለች። አባባ ግን በዚህ ወሬ ስቆ አያውቅም።

መሥሪያ ቤቱ መኪናዋን በጨረታ ሲያወጣት የዛገ ብረት ነበረች። አባባ ገዛት። ለምን እንደገዛት ለማንም አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። የፊት ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ለመገመት መጽሐፍ ማንበብ አያሻም።

እንግዲህ እኚያ ባለሙያ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። «ስድስት ወር ብቻ ስጡኝ» አሉ፤ ሰጣቸው። ሰዎች ቃል አያከብሩም ብለው ሲያሟቸው እኔ አልወድም። ስድስት ወር አሉ፣ ስድስት ወር ነው። የትኞቹ ስድስት ወሮች እንደሆኑ ነው ገና ያልተነገረን። አራት ዓመት ውስጥ ስድስት ወር አይጠፋም፣ ፈልጎ ማግኘት ነው። ስልክ ስንደውል «እጄ ዘይት ነው» ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ ዘይት ያልለቀቀው እጅ አይተው ያውቃሉ? እንዲህ ያለ ሥራ ወዳድነት የት ይገኛል? «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» ይላሉ ደግሞ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በእሳቸው ጋራዥ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ዶሮዋም አርጅታ… መኪናዋ ብቻ እንደ ከርሞ ጥጃ እዚያው ቀረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉትም አለ። እሳቸው መቼም አይቸኩሉም፤ ማፍሰሱን በእርጋታ ያፈሱታል፣ መልቀሙን ለባለቤቱ ይተዉለታል።

ወጪውን አላነሳም፣ ነውር ነው። ቤታችንን ግን እርስዎም መጥተው አይተዋል፤ ደረጃ አለን። በደንብ የተሠራ፣ ዐሥራ ሁለት እርከን ያለው፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣ ደረጃ። ክፍሉ የለም። ክፍሉ ፓራፋንጎ ሆነ፣ መስኮቱ ማርሽ ሆነ፣ ጣሪያው ቀለም ሆነ። አሁን እማማ ልብስ ታሰጣበታለች፣ እኔ የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ወዴት ያወጣል?» ሲል አባባ «ወደ ሰማይ» ይላል። ሌላው ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ሲዘፍን እኛ ቢያንስ መውጫውን ሠርተናል።

ቀለሙንስ ነገርኩዎት? ጥቁር ሰማያዊ የነበረችው አረንጓዴ ሆና ብቅ አለች። የጋራዡ በር አረንጓዴ ነው፣ የውሃው በርሜል አረንጓዴ ነው፣ የመጸዳጃ ቤቱም መዝጊያ እንደዚያው። አንድ ጣሳ ተርፎ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። እኔ ግን ደግነታቸውን ነው ያየሁት፤ መኪናዋ ባይተዋር እንዳይሆንባት ከቤተሰቡ ጋር አንድ አደረጓት። አባባ ግን «አረንጓዴ ለዓይን ጥሩ ነው» አለ።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አገኘሁት፤ ግማሹ ሥዕል፣ ግማሹ በማላውቀው ቋንቋ። ሥዕሉን እያየሁ ቋንቋውን ለመድኩት። አንድ ቀን ታዲያ እማማ ማቀዝቀዣ ላይ የለጠፈቻትን የአበባ ማግኔት ይዤ መጣሁ። ላስረዳዎት፣ ቀላል ነው። ማግኔት ብረት ይወዳል፣ ስቱኮ አይወድም። የጎደጎደው ላሜራ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ ማግኔቷ ጥብቅ ትላለች፤ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ከተቀባበት ደግሞ አትይዝም። ፓራፋንጎው ላይ አስጠጋኋት፣ ወደቀች። በሩ ላይ… ወደቀች። ኮፈኑ ላይ… ወደቀች። ባለሙያው አዩኝና «ማግኔቷ አርጅታለች» አሉኝ። ሰው ሳይሞት ስንት ነገር ይማራል። ማግኔት እንደሚያረጅ መጽሐፌ አልጻፈውም ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው እትዬ። እኚህ ሰው ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ናቸው። መኪና አምጥቶ እጃቸው ላይ እየጣለ ያሳነሳቸው ሰው ነው።

ዋናው ብልሃታቸው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ስነግርዎት ማሽኑን ቀስ ያድርጉት፣ ጣትዎን እንዳይወጉ። እኚያ ሰው ለእያንዳንዱ ባለ መኪና ቀን አላቸው። የአባባ ሐሙስ ነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ይመጣል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል። አባባ እጁን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አድርጎ ዐሥር ደቂቃ ይሰማል። ከዚያ «ፍሬኗ ትንሽ ይቀራታል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል፣ እሱም እያፏጨ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማክሰኞ የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ የቀይዋ ባለቤት። ቅዳሜ የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት፣ የነጯ። ሦስቱም መኪኖች የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዘመን እህትማማቾች ናቸው። ሦስቱም በየቀናቸው ይነሳሉ። ሦስቱም ባለቤቶች እያፏጩ ይመለሳሉ። በአንድ ከተማ ይህን ያህል ፉጨት ያስገኘ ሰው ሽልማት አይገባውም?

ባለፈው ሳምንት ያንን ጥቁር ክር ላደርስልዎት የመጣሁት ረቡዕ ነበር አይደል? ይቅርታ… ለዚያኛዋ የወንበር ሰፊ ማለቴ ነው፣ ለሌላ ሰፈሯ። ረቡዕ የማንም ቀን አይደለም። የአባባን መኪና ኮፈን ከፈትኩ። ካርቡሬተሩ በሚቀመጥበት ቦታ በቡትቶ የተወተፈ ቀዳዳ አለ፤ የባትሪውም ቦታ ባዶ ነው። ካርቡሬተር ማለት… እነግርዎታለሁ፣ አየርና ቤንዚን ለክቶ የሚቀላቅል ዕቃ ነው፤ ሞተር የሚተነፍሰው በእሱ ነው፣ እሱ ከሌለ ሞተር ማለት የብረት ድንጋይ ነው። ሐሙስ ስትተነፍስ የነበረች መኪና ረቡዕ አፍንጫ የላትም። ዞር ስል ቀይዋም ኮፈኗ ክፍት ነው። ጎንበስ ብዬ ባይ ካርቡሬተሯ ላይ በምስማር የተጫረች ፊደል አለች፤ የእማማ ስም የመጀመሪያዋ ፊደል። አባባ ያንን ካርቡሬተር ሁለት ዓመት ሲፈልግ ኖሮ፣ ከድሮ ባልደረባው ዕቃ ቤት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ያገኘው ዕለት በገዛ እጁ የጫራት ናት።

ገባዎት አይደል? አንድ ካርቡሬተር፣ አንድ ባትሪ፣ ሦስት መኪና። ማክሰኞ ቀይዋ፣ ሐሙስ የእኛዋ፣ ቅዳሜ ነጯ። ክፉ ሰው ማጭበርበር ይለው ይሆናል። እኔን ግን መደነቅ ነው የያዘኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ስንሰማ አድገናል፤ አንዷን ሎሚ ለሦስት ሰው ጌጥ ያደረጋት ማን ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅ ብሎ የተረተውስ ሰው ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ቢያይ ተረቱን ይመልሰው ነበር። ድካማቸውን ደግሞ ያስቡት። በሳምንት ሦስት ጊዜ መፍታት፣ ሦስት ጊዜ ማሰር። ያ ሁሉ ልፋት ለአንዷ መኪና ቢውል ኖሮ ድሮ አልቃ፣ እሳቸው ሥራ ፈተው ይቀመጡ ነበር። አርቆ ማሰብ ይሏል ይሄ ነው።

ምነው እትዬ፣ ማሽኑን አቆሙት? ከቀይዋ ሥርም ጸጥ አለ። ጥሩ ነው፤ ሳልጮህ እሰማለሁ… ለእርስዎ ማለቴ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አባባ ግን የሚመጣው ዛሬ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ከእማማ ጋር። ሐሙስ አይመቸውም፣ ዓይኑ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይበዛና ነርቩን ይጎዳዋል፤ የሚያየው ነገር ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል፣ መጋረጃ ከሁለት ጎን እንደሚዘጋ። ሐኪሟ አልደበቀችውም። «ቀዶ ጥገናው የቀረዎትን ለማቆየት ነው፣ የሄደውን አይመልስም። ከሐሙስ በኋላ መሪ አይይዙም» አለችው። «እስከዚያስ?» አላት። «በቀን፣ ቅርብ፣ ቀስ ብለው» አለችው። ይበቃዋል። ከዚህ በር ወጥቶ፣ መንገዱን አንዴ ዞሮ መመለስ። እማማ ከፊት፣ ጎኑ። የሚፈልገው ይሄን ብቻ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ደግሞ የለም።

ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ስቆልፍለት አላስቻለኝም። «አባባ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ መኪናችን አትተነፍስም» አልኩት፤ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አውቃለሁ» አለኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ብሎኖቹ ላይ ትኩስ ጭረት አለ። ዓይኔ ደከመ እንጂ ጣቴ መች ታወረ?» አለኝ። ካወቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብለው… «ሰውዬው እኔን ደስ ይበለው ብሎ በየሳምንቱ እንደዚያ ሲለፋ እንዴት አድርጌ አሳፍረዋለሁ? እኔስ ድምፅዋን ሰምቼ አይደል ሳምንቱን የምገፋው?» አለኝ። አሽሙር መስሎኝ ሳቅኩ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው… ከልቡ ነው እትዬ። እሱ አሽሙር አያውቅም፤ ይሄ ክፉ ምላስ በእማማ ወገን የመጣ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ የአባባ ዝምታ አልነቀዘም። የነቀዘው ዓይኑ ነው።

«ዛሬስ ባትነሳ?» አልኩት። «ጫማዬን ጥረጊልኝ፣ እንሂድ። ካልተነሳች አዲሱ ወንበር ላይ አስቀምጫት እናወራለን» አለኝ። እማማ በወዲያኛው ክፍል መስታወት ፊት ቆማ ነጠላዋን ለሦስተኛ ጊዜ ትቀይራለች። እሷ ምንም አታውቅም። እሷ የምታውቀው ዛሬ በዚያች መኪና እንደምትሄድ ነው።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። የጥርስ ሐኪሙ የሚመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። እኚያ ባለሙያ እንዲህ ያድርጉ ብዬ አልናገርም፣ ልጅ ነኝ። መጽሐፉ የሚለውን ብቻ ልንገርዎት፣ ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ ነው። ካርቡሬተር ለማውጣት አራት ብሎን፣ አንድ የቤንዚን ቱቦ፣ አንድ የነዳጅ ካቦ። ልምድ ላለው ሰው ሃያ ደቂቃ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚለማመድ ሰውማ… መጽሐፉን የጻፉት እንዲህ ያለ ሰው ይፈጠራል ብለው አላሰቡም። ፍሬኑ እንዳይሉኝ ብቻ። ባለፈው ወር ሸራውን እኔው ፈትቼ አይቼዋለሁ፣ ዘይቱንም ቀይሬዋለሁ፣ ደህና ነው። «ፍሬኗ ይቀራታል» የሚባለው ለወግ ነው፤ ሰው ሲሸኝ ደህና ዋሉ እንደሚባለው።

ለጥርስ ሐኪሙ ምን ይባላል? እውነቱ ነዋ። እውነት እዚያ ጋራዥ ውስጥ እስካሁን ያልተነካ ዕቃ ነው፣ ገና ካርቶኑ አልተከፈተም። አዲስ ዕቃ ደግሞ አንድ ቀን መሞከሩ አይቀርም።

መኪናዋ እንደሆነች የድሮዋ አትሆንም። እሱን አልቅሰን ጨርሰናል፤ እኔ ደረጃው ጫፍ ላይ ሆኜ፣ አባባ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ። አሁን አረንጓዴዋን ለምደናታል። በሯ ሲዘጋ «እሺ» ማለቱን ትታለች፣ ስቱኮው ከብዷት «ምን ላድርግ» ነው የምትለው። እሱንም እኔ ቀስ እያልኩ እፍቀዋለሁ፣ ዕድሜ ለመጽሐፉ። ማንንም አንከስ፣ ማንንም አንጣላ። ዛሬ የቸገረን የዐሥር ደቂቃ ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ደግሞ የራሳችን ነው፣ ስም ተጽፎበታል።

ቆይ… ይሰማዎታል? አይዙሩ፣ አይዙሩ እትዬ፣ ይፈሩብናል። ጫማዎቹ ከቀይዋ ሥር ወጥተዋል። የቀይዋ ኮፈን ተከፈተ… ይሄ የዐሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ነው፣ በድምፁ ለይቼ አውቀዋለሁ። አንድ ብሎን ወደቀ። እርስዎ ስፌትዎን ይቀጥሉ፤ እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። ሁለት… ሦስተኛው ጠንከር ብሏል መሰለኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለመጥበቅ ነው እንጂ ለመላላት አልለመደም።

በሩ ላይ የቆመው ታክሲ የእነ አባባ ነው። ቀድመው መጡ፤ ሹፌር መቼም ቀጠሮ አያሳልፍም። ሃያ ደቂቃ በር ላይ አቆማቸዋለሁ፣ ወሬ መቼም አላጣም፤ ስለ ካርቡሬተር ያላወራሁለት ሰው የታክሲው ሹፌር ብቻ ነው የቀረው። እርስዎ ወንበሩን በዚያ በኩል ያቅርቡልኝ፣ አብረን እንገጥመዋለን።

እኚያን የሌላ ሰፈር ሰውዬ ግን ሳልመርቃቸው ብሄድ ቅር ይለኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ የላይኛው ያውቀዋል። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። እጃቸውን ይባርክላቸው። የልጅ ልጅ ያሳያቸው። ሸምግለው፣ ጉልበታቸው ዝሎ፣ ከዚህ ዓለም አንዲት ነገር ብቻ የሚመኙበት ቀን ሲመጣ… ያቺን ነገር በእጁ የያዘላቸው ሰው ልክ እንደ እሳቸው ያለ ይሁንላቸው። አንዲት ጠባይ ሳትጎድልበት፣ ቁርጥ እሳቸው።

አሜን ይበሉልኝ እንጂ እትዬ።